የምድር ቤቷ ተከሳሽ

ጓ! ጓ! ጓ!

ዓይኔን ሳልገልጥ ቆጠርኩ። ሦስት። ሦስት ማለት ዝም በል ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ተኝቼ ነበር፤ የተኛ ሰው ከዚህ በላይ እንዴት ዝም እንደሚል ሳሰላስል አራተኛው ተመታ። ከዚያ አምስተኛው። በእኛ ቋንቋ አራትም አምስትም የሉም። አክስቴ ከላይ ከሳሎን ሆና የምታናግረኝ በመወልወያው እጀታ ነው። ወለሉን አንዴ ከመታች ውጣ ማለቷ ነው፣ ሁለቴ ከመታች ውኃውን ክፈት፣ ሦስቴ ከሆነ ያንን ዘፈንህን አቁም። የቤቱ ዋና የውኃ መክፈቻ ያለው እኔ ምድር ቤት ውስጥ፣ ከራስጌዬ በላይ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የምትለኝ ሁለቴውን ነው። ከዚህ ያለፈ ወሬ የለንም። ተቀያይመን አይደለም፤ እሷ የላይ ሰው፣ እኔ የታች ሰው ሆነን ስለለመድነው ነው።

ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ ያየሁት፣ እንደ ሁልጊዜው፣ እሷን ነው። ከመክፈቻው ጀርባ፣ ጣሪያውና ግድግዳው በሚገናኙበት ጥግ፣ ቅጥ ባጣ ድሯ ውስጥ ተዘቅዝቃ ትሽከረከራለች። ወለሉ በተመታ ቁጥር ሥራዋ ይኸው ነው። እነዚያን ረጃጅም እግሮቿን ድሩ ላይ ትተክልና ሰውነቷን ታዞረዋለች፣ ታዞረዋለች፣ በመጨረሻ ሸረሪትነቷ ይጠፋና እንደ ጭስ ያለ ነገር ብቻ ይቀራል። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ዓይኔን የታመምኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን የአክስቴን መልእክት የምንቀበለው ሁለታችን ነን፤ እኔ መክፈቻውን አዞራለሁ፣ እሷ ራሷን ታዞራለች። ይህን ሳስብ ብቻዬን እስቃለሁ፣ ከዚያ ሦስቴ ይመታል።

ያን ጠዋት ግን ከምቱ ጋር የሰው ድምፅም ወረደ። የምድር ቤት ጣሪያ የሌላ ሰው ወለል ነውና ባትፈልግም ወሬ ያቀብልሃል። አጎቴ ነበሩ። አጎቴ የአክስቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ሁለት ቀን አድሬ እመለሳለሁ ብለው መጥተው፣ ቡናማ ሻንጣቸውን ቦታ ጠፋ ተብሎ እኔ ክፍል አስቀምጠው፣ ሳሎን ሶፋው ላይ እንዳሉ ክረምቱ አልፎ በጋ የገባላቸው ሰው ናቸው።

«ነክሳኛለች እልሻለሁ!» ጓ! «ይኸው ጉንጬን እይው!» ጓ! «ማታ ከሻንጣዬ ሸሚዝ ላወጣ ብወርድ ድሯን ፊቴ ላይ ለጠፈችብኝ። ሲነጋ እንዲህ ሆኜ ተነሳሁ!»

«ወንድምጋሼ፣ ኧረ ወለሉን አትምታው። ልጁ ውኃ ይከፍታል።»

«ይክፈታ! ዛሬውኑ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ጥሪ። ከተረጨ በኋላ ደግሞ በሩ ይታሸግ። ሰው የሚኖርበት ቦታ አይደለም።»

«ልጁስ?»

«እዚሁ ከእኔ ጋር፣ ከሶፋው ሥር ይተኛላ! ወለሉ ሰፊ ነው።»

አክስቴ ዝም አለች። አክስቴ እምቢ ለማለት ትናገራለች፣ እሺ ለማለት ዝም ትላለች፤ ስለዚህ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ብርድ ልብሴን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩና ክፍሌን ዙሪያውን አየኋት። ስፋቷ ስፋት አይባልም። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ እርጥበት የግድግዳውን ቀለም ልጦ የማላውቀውን አገር ካርታ የሠራበት ቦታ፣ እና ከመንገዱ እኩል የሆነች ጠባብ መስኮት። በዚያች መስኮት ሰው አይታይም፣ ጫማ ነው የሚታየው። ሰፈሩን በሙሉ በጫማው አውቀዋለሁ። ተረከዙ የተበላው የዳቦ ቤቷ ነው፤ ሁሌም የሚሮጠው የትኬት ቆራጩ ነው፤ የአጎቴ ደግሞ ቢጫው ነው፣ ካልተወለወለ እንኳን ደጅ፣ ደረጃው ላይም አይወጣም። ይህን ሁሉ ትቼ ከሶፋው ሥር ልተኛ ነው። የአጎቴን ማንኮራፋት እዚህ ታች ሆኜ አውቀዋለሁ። እሳቸው እላይ ሆነው ትንፋሽ ሲስቡ እዚህ ታች ከጣሪያው አቧራ ይወርዳል፣ ሸረሪቷም ወለል የተመታ መስሏት ትሽከረከራለች።

ስወጣ አጎቴ የአክስቴን ሻሽ ከአገጫቸው ሥር እስከ አናታቸው ጠምጥመው፣ የቋጠሮው ሁለት ጫፍ እንደ ጥንቸል ጆሮ ቆሞ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ግራ ጉንጫቸው አብጦ ዓይናቸውን ሊሸፍን ምንም አልቀረው። ዳቧቸውን በቀኝ በኩል ብቻ፣ እንደ ሚስጥር፣ በቀስታ ያኝካሉ።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?»

«ምን አድራለሁ! አውሬ እያረባህ ሰው ያድራል?»

«ኧረ እሷ ሰው አትነካም ጋሼ።»

«ስሟ ማን ነው?»

«አላውቀውም።»

«ዘሯስ?»

«እሱንም አላውቅም።»

«ታዲያ ለማታውቃት ነው እንዲህ ዋስ የምትሆን?» አሉና ወደ አክስቴ ዞሩ፤ «ይሄ ልጅ እኮ ስሟን ሳያውቅ ነው አብሯት የሚተኛው!» በራሳቸው ቀልድ ሊስቁ ጀምረው ጉንጫቸውን ያዙና ተዉት።

አክስቴ ጠረጴዛውን እየጠረገች፣ ሳታየኝ፣ «ረጪው ከሥራ ሰዓት በኋላ ይመጣል። ዕቃህን ጠቅልል» አለች። በመወልወያ እጀታ ካልሆነ ከእሷ ይህን ያህል ቃል የሰማሁት ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላስታውስም። ደስ እንዲለኝ ወይ እንዲከፋኝ ግራ ገባኝ።

ወረድኩና ዕቃዬን ጠቀለልኩ፤ ሲጠቀለል አንድ እቅፍ ብቻ መሆኑ አሳቀኝ። ከዚያ ቀና ስል እሷም ከላይ ሆና የምታየኝ መሰለኝ። የአጎቴ ነገር እውነት አለው፤ ይህን ያህል አብሬያት ስኖር ማን እንደሆነች አላውቅም። ወንጀለኛ ተብላ ከመረጨቷ በፊት ቢያንስ ማንነቷ ይታወቅ አልኩ። አፈ ሰፊ ጠርሙስ ፈልጌ ከሥሯ አደረግኩና በእርሳስ ጫፍ ድሯን ከጥጉ ሳላቀው ከነክሯ እየተወዛወዘች ወረደች፤ ሁለት እግሯ ውጭ ቀርቶ ነበር፣ በትዕግሥት ጠብቄ ራሷ ሰበሰበችው። አፏ ላይ ከሰነበተው ነገር ጋር ናት። ከሰሞኑ አንድ ነጣ ያለ ድቡልቡል ነገር አፏ ላይ ይዛ ነው የምትውለው፣ የምታድረው። በልታ ያልጨረሰችው ምግብ ነው ብዬ ነበር። ጠርሙሱን በወረቀት ከደንኩ፣ ወረቀቱን በመርፌ በሳሳሁና ወደ ሥራዬ ወጣሁ።

መንገዱ እንደዚያ ረዝሞ አያውቅም። እንዳትናወጥብኝ ብዬ፣ እስከ አፉ የተሞላ ሾርባ እንደያዘ ሰው፣ ጉልበቴን ሳላጥፍ ነው የምሄደው። ከኋላዬ መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ጠርሙሱ ውስጥ ጭስ ይነሳል፤ ቆሜ ጭሱ ሸረሪት እስኪሆን እጠብቃለሁ። ዘንቢል የያዙ አንዲት እናት ሲያስተውሉኝ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ምን ቢሞላው ነው እንዲህ የምትጠነቀቀው?» አሉኝ።

«እግር ነው እማማ።»

«የምን እግር?»

«እግር ብቻ።»

አማተቡና መንገዱን ተሻገሩ።

የምሠራው አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። በግራ በኩል ሰዓት ይጠገናል፣ በቀኝ በኩል ፎቶ ኮፒ ይነሳል። ባለቤቱ ሰዓት ሠሪው ነው፤ ፎቶ ኮፒው የእኔ ነው። ግድግዳው ሙሉ ሰዓት ነው፣ ሁለቱ እንኳ አይስማሙም፤ ስለዚህ አርፍደሃል ተብዬ አላውቅም። ሰዓት ሠሪው ሁሌ ወደ ላይ ስለማይ ጨረቃ ይለኛል። ጠርሙሱን ሲያይ ጥያቄ አልጠየቀም፤ ዓይኑ ላይ የሚሰካትን ማጉያ እንደሰካ ጎንበስ አለና ፊቱን ብርጭቆው ላይ ለጠፈ።

«ኧረ ጉድ! ጨረቃ፣ ይቺ ሴትዮ ዓይኗ ስንት ነው?»

«እንጃ። ስንት ነው?»

«ሦስቱ በዚህ በኩል ተሰብስበዋል፣ ሦስቱ በዚያ። መሐል ላይ ደግሞ ሁለት ጥቃቅን። እንደ ጉትቻ ፈርጥ ያበራሉ! በል ዞር በል፣ ብርሃን ጋረድክብኝ።»

ማጉያውን አበድረኝ ብዬ ብለምነውም የሚሰጠኝ አልሆነም። ሰዓቱ ቆሞበት የመጣ ደንበኛ «የእኔስ?» ቢለው «የአንተ የትም አይሄድ፣ ቆሟል አላልክም?» አለው። ደንበኛውም ተራውን ይዞ ሸረሪቷን ለማየት ተሰለፈ። በመጨረሻ ሰዓት ሠሪው ራሱ፣ ፎቶ ኮፒ እናንሳት፣ ማስረጃ ይሆናል አለ። ጠርሙሱን መስታወቱ ላይ በጎኑ አጋድመን ቁልፉን ተጫንኩ። ብርሃኑ ከሥሯ ሲያልፍ ጉድ ፈላ፤ እሷ ዞረች፣ እኛ ጮኽን፣ ማሽኑ አቃሰተና አንድ ወረቀት ተፋ። ወረቀቱ ላይ አንድ ግራጫ ቀለበትና ከዙሪያው የሚወጡ ቀጫጭን ጭረቶች ብቻ አሉ። ሰዓት ሠሪው በጣም አማረች ብሎ ግድግዳው ላይ፣ ከሰዓቶቹ መሐል ለጠፋት።

የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ አስተማሪዬ የገቡት ያኔ ነው። ፈተና ሊያባዙ ነው የመጡት። ወረቀቱን ቀና ብለው አዩና፣ «ይሄ የማን ኤክስሬይ ነው? ሰውየው አይተርፍም» አሉ።

«ሸረሪት ናት ቲቸር። ማን እንደሆነች አላወቅናትም።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «አንተ፣ ያ መስኮት መስኮቱን ስታይ ትምህርቱ ያለቀብህ ልጅ አይደለህም? በል ዛሬ መስኮት የለም። ግለጻት!»

በሕይወቴ እንደዚያ ለፈተና ጓጉቼ አላውቅም። አቀማመጧስ አሉኝ፤ ተዘቅዝቃ አልኩ። ድሯስ? ሥርዓት የሌለው፣ የተበታተነ። ሰውነቷ አንድ ወጥ ነው ወይስ ለሁለት የተከፈለ? ለሁለት፣ ወገቧ ቀጭን። «ጥሩ» አሉ፤ «አንድ ወጥ ቢሆንና ድር ባይኖራት ኖሮ ያቺ ሸረሪት የምትመስለው ግን ሸረሪት ያልሆነችው እግረ ረጅም ትሆን ነበር። ሆዷስ? ድቡልቡል ነው?» አይደለም፤ እንደ ሩዝ ፍሬ ዘለግ ያለ ነው። ስትነካስ? «ትጠፋለች ቲቸር! እዚያው ሆና ትጠፋለች!» ብዬ እጄን እያዞርኩ አሳየኋቸው፤ ሰልፉ ውስጥ ያለው ደንበኛም አብሮኝ እጁን አዞረ።

«የምድር ቤት ሸረሪት ናት» አሉ ቲቸር፣ የታወቀ ዘመድ ስም እንደሚጠሩ ሆነው። «ከዘመዶቿ መሐል ደግሞ ይቺ ሆደ ዘለግላጋዋ ናት፤ ሆደ ክቧ ሌላ ናት። ሌሎች ሸረሪቶችን ሳይቀር በክር አስራ ትበላለች፤ ሰውን ግን ምንም አታደርግም። እስኪ ያንን ማጉያ።» ለእሳቸው ሲሆን ሰዓት ሠሪው ወዲያው ሰጣቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «አፏ ላይ የያዘችውን አይተሃል?»

«ያልጨረሰችው ምግብ ነው።»

«የምን ምግብ! እንቁላሎቿ ናቸው እንጂ! በጥቂት ክር አስራ፣ እስኪፈለፈሉ ድረስ በመንጋጋዋ ይዛቸው ትኖራለች። ልትበላ ብትፈልግ እንኳ መጀመሪያ እነሱን ማስቀመጥ አለባት፤ ስለዚህ የምትበላው ከስንት አንዴ ነው።»

 ጠርሙሱን ወደ ራሴ ሳብኩት። «ቲቸር፣ እንግዲህ ሰሞኑን ሰው ነከሰች ብትባልስ?»

«በአፍህ እንቁላል ሞልተህ አንተ ትነክሳለህ?» አሉ።

ወደ ቤት የተመለስኩት ልቤ እየሮጠ፣ እግሬ ግን እየዳኸ ነው። መሮጥ አይፈቀድልኝማ፤ አሁን የያዝኩት አንዲት ሸረሪት ሳይሆን አንድ መንደር ነው። የሰዓት ሠሪውን ማጉያ በለመንኩትና በማልኩለት ብዛት ተቀብዬ ኪሴ ከትቻለሁ። ዘፈን መጣብኝ፣ በአፍንጫዬ ዘፈንኩ። የማላውቃቸውን ሰዎች ሰላም አልኩ፤ እነሱም ያወቁኝ መስሏቸው እናቴን ጠየቁኝ።

ስገባ ረጪው ደርሷል። ቢጫ ጋኑን ጀርባው ላይ እንዳዘለ፣ ጭንብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሻይ ይጠጣል። አጎቴ ከነጥንቸል ጆሯቸው ሶፋው ላይ ናቸው። ቢጫ ጫማቸው ተወልውሎ በሩ ጋ ቆሟል፤ እግራቸው ላይ የአክስቴን አበባ ያለበት የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ አድርገዋል። ጠርሙሱን ሄጄ ጠረጴዛው መሐል፣ ከስኳሩ አጠገብ አስቀመጥኩት።

አጎቴ እግራቸውን ሶፋው ላይ ሰቀሉ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ተከሳሿ ናት ጋሼ። ስሟን ዘሯን ብለውኝ አልነበር? የምድር ቤት ሸረሪት፣ ሆደ ዘለግላጋዋ። አክስቴ፣ እንቺ በዚህ እያት።»

አክስቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ማጉያውን ዓይኗ ላይ አስደግፋ ጎንበስ አለች። ስታይ ቆየች። አክስቴ አንድን ነገር ይህን ያህል ስታይ አይቻት አላውቅም፤ ፊቷ ከጠርሙሱ ማዶ ሰፍቶና ለስልሶ ይታየኛል።

«አፏ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«እንቁላሎቿ። እስኪፈለፈሉ በአፏ ነው የምትይዛቸው።»

«በአፏ?» አለች። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ከያዘች ሰነባበተች፤ ጋሼ ከመውረዳቸው በፊት ጀምሮ።»

አክስቴ ቀና አለች። መጀመሪያ እኔን አየች፣ ከዚያ ታላቅ ወንድሟን። «ታዲያ ወንድምጋሼ፣ በምኗ ነከሰችህ?»

«በአፏ ነዋ!»

«አፏ እኮ ሥራ ይዟል።»

«አስቀምጣቸው ነዋ!» አሉ አጎቴ ተቆጥተው። «አስቀመጠቻቸው፣ ነከሰችኝ፣ መልሳ አነሳቻቸው!»

ረጪው ሻዩ በአፍንጫው ወጣ። ሊይዘው ሞክሮ ነበር፣ ግን ጋኑ ጀርባው ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ውስጡ ያለው መድኃኒት ቸፍ ቸፍ ይላል፤ ጭንብሉ ከግንባሩ ወርዶ አፉ ላይ ገጠመና ሳቁ ከሩቅ አገር እንደሚመጣ ሆነ። «ልጆቼን... አንዴ ያዝልኝ አለችዎት?» አለ ከጭንብሉ ውስጥ። ይኼኔ አክስቴ ወንበሩን ያዘች። አክስቴ ስትስቅ ድምፅ የላትም ለካ፤ ትከሻዋ ብቻ ይሽከረከራል፣ እንባዋ ይወርዳል፣ እጇ ጠረጴዛውን ይመታል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ቁጥሩ ጠፋ። ጠርሙሱ ውስጥ ጭስ ተነሳ። ያንን ሲያዩ አጎቴም አልቻሉም። ቁጣው ፊታቸው ላይ እንዳለ ከሥሩ ሳቅ ፈነዳ፣ አፋቸው እስከ ጥግ ተከፈተ፣ የጥንቸል ጆሮው ዘለለ፣ እና ሁለት እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ ጥለው ጮኹ፦

«ወይኔ ጥርሴን!»

ሳቁ እንደ ቧንቧ ተዘጋ።

ረጪው ጭንብሉን ቀስ አድርጎ አነሳ። አክስቴ እንባዋን በሽርጧ ጫፍ ጠረገች። አጎቴ ስኳሩን ያያሉ። ሳምንታት ሙሉ በቀኝ በኩል ብቻ የታኘከው ዳቦ፣ ቀዝቃዛ ውኃ በመጣ ቁጥር የተገፋው ብርጭቆ፣ ሁሉም አንድ በአንድ ትዝ አለኝ። አክስቴም ይህንኑ እያሰበች እንደሆነ ያስታውቃል።  በእንዲህ ያለ ሰዓት መሐል ላይ ሰው ባይኖር ይሻላል ብዬ ጠርሙሴን አንስቼ ወረድኩ። ቆይ ያለኝ የለም፤ ቅር ያለኝም የለም።

የጠቀለልኩት ዕቃ አልጋው ላይ እንዳለ ነው። ወንበሩ ላይ ቆሜ የጠርሙሱን አፍ ጥጉ ላይ አስጠጋሁላት። መጀመሪያ አንድ እግር ወጣ፣ ክፍሉን እንደሚያሸት ሰው ቆየና ሌሎቹ ተከተሉት። እንቁላሎቿን እንደነከሰች፣ የቀረላት ክር ላይ ተዘቅዝቃ ተሰቀለች። እኔም ዕቃዬ ላይ ተቀምጬ ፍርዴን መጠበቅ ያዝኩ። አንድ ከተመታ ውጣ ነው፤ ዕቃዬን ይዤ ወደ ሶፋው ሥር። ከላይ የረጪው እግር ወደ ኩሽና ሲሄድ ሰማሁ፤ አክስቴ ስለ በረሮዎቹ አንድ ነገር ስትለው ሰማሁ። ከዚያ ወንድምና እህት ሳሎን ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ።

ጓ!

 ብድግ ብዬ ዕቃዬን አቀፍኩ።

ጓ!

ሁለት። ሁለት! ውኃውን ክፈት! ከሶፋ ሥር ለሚተኛ ሰው ውኃ ክፈት አይባልም! ዕቃዬን ወርውሬ መክፈቻውን እስከ መጨረሻው አዞርኩት፣ እሷም ከነቤተሰቧ ዞረች፤ ቧንቧው አጉረመረመና ውኃው በግድግዳው ውስጥ እየሮጠ ወጣ። በደንብ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ሦስቴ እስኪመታ ጠበቅኩ። አልተመታም።

የደጁ በር ሲከፈት የሰማሁት ያኔ ነው። ቢጫውን ጫማ አያለሁ ብዬ ወደ መስኮቷ ዞርኩ። የመጣው ግን አበባ ያለበት የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ነው፤ ተረከዛቸው ከኋላ በግማሽ ተርፎ።

«ወንድምጋሼ!» አለች አክስቴ ከደረጃው። «ወዴት ነው? ጫማህን ሳታደርግ?»

ነጠላ ጫማው መስኮቴ ፊት ለፊት ቆመ። ሻንጣቸው እዚህ ከእኔ ጋር ነው። በግራ በኩል ከተሄደ የጥርስ ሐኪሙ አለ፤ የአውቶቡስ መናኸሪያውም ያለው በዚያው በኩል ነው። አበባዎቹ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አሉ። ከዚያ ወደ ግራ ዞሩና፣ አንድ ቃል ሳይመልሱ፣ ቸፕ ቸፕ እያሉ ከመስኮቴ ወጡ።